የሕዝብ ፖሊስ ጋሽ ታሪኩ

ጋሽ ታሪኩ ማስተርሳቸውን ሲጀምሩ እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ሃምሳ አራት። በዚያ ዕድሜ ሰው ልጅ ይድራል፣ ቤት ያድሳል፣ ወይ ስኳሩን ያስታምማል። እሳቸው ግን የተማሪ ቦርሳ ተሸክመው፣ ቅዳሜና እሁድ የሕዝብ ፖሊሲ ሊማሩ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ክፍል ገቡ።

ሞታቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። መናኸሪያው ጋ ተሳፍሬ ገና ሳልደላደል ዞር ብሎ፣ «ዘኑ፣ ያ አማራጭ የሚሉት ፋዘር አረፉ አሉ፣ ሰማሽ?» አለኝ። ስማቸውን እንኳ አያውቅም። እኔ ግን ማንን እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ዲላ ውስጥ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው አማራጭ የሚያቀርቡ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ችግሩን እንለይ። በገበያው በኩል መንገዱ ተጨናንቋል። አማራጭ አንድ፣ በመናኸሪያው ዞረን መውጣት። አማራጭ ሁለት፣ መጨናነቁን ታግሰን ማለፍ። አሁን የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ብንመዝን…»

ይኸው ልጅ ነው አንድ ቀን «ፋዘር፣ አማራጭ ሦስት በእግር ነው» ብሎ ያወረዳቸው። ተቀየሙ? ምን በወጣቸው! ላብ አጥምቋቸው፣ እየሳቁ እኔ ጋ ደረሱ። «ዘነበች፣ ይሄ ልጅ ፖሊሲ ሳይማር የገባው ነው» አሉኝ።

እኔ ጋ የሚመጡት ለጽሕፈት ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እየጠገንኩ ነው የለመድኩት። እንግሊዝኛውም የተማሪ ወረቀት ስጽፍ ጣቴ ላይ የቀረ ነው። ጋሽ ታሪኩ ወናጎ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆነው ዕድሜያቸውን በሙሉ በእስክሪብቶ ኖረዋል። ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፉት። ያቺ ጣት ደግሞ ለ«በመጀመሪያ ደረጃ» የምትቀሰረዋ ስለሆነች ሁለቱን ሥራ አልቻለችውም። ስለዚህ እሳቸው ቆመው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «በሁለተኛ ደረጃ» ሲሉ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አንደኛው ሁልጊዜ መሽቶ ይቀራል።

ጥናታቸው ስለ መሬት ነበር። ባሎቻቸው የሞቱባቸው የገጠር ሴቶች የመሬት መብታቸው ወረቀት ላይ ምን ይላል፣ መሬት ላይስ ምን ይሆናል የሚል። «በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው የምፈልገው» ይሉ ነበር። ክፍተት የምትለዋን ቃል ይወዷታል። የሱቄ በር አልገጥም ካለ ክፍተት ነው። ያዘዙት ሻይ ከዘገየ የአፈጻጸም ክፍተት ነው። ሚስታቸው እትዬ አስቴር ለገና በግ ግዙ ብለዋቸው ዶሮ ይዘው የገቡ ቀን እንኳ፣ «በዕቅዱና በአፈጻጸሙ መካከል ክፍተት ተፈጥሯል» ብለው በራፉ ላይ ሪፖርት አቅርበዋል አሉ።

የእሳቸው ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ ነው የሚያልፈው። ገበሬው በጌዴኦኛ ይናገራል፣ እሳቸው በአማርኛ ይመዘግባሉ፣ እኔ ጋ ቆመው ወደ እንግሊዝኛ ያስገቡታል። በየኬላው ደግሞ ይወፍራል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በጌዴኦኛ «መንገድ የለም» ብለዋቸው ኖሯል። በአማርኛው «መላሹ የመንገድ መሠረተ ልማት አለመስፋፋቱን አጽንኦት ሰጥተው ገልጸዋል» ሆነ። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ገጹን ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ጋሽ ታሪኩ፣ ሰውዬው ይህን ሁሉ ተናገሩ?» አልኳቸው።

«ቃሉን አልተናገሩም። መንፈሱን ነው የምጽፈው።»

«ትልቅ መንፈስ ነበራቸው በሉኛ!» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከጽሑፉ ግን አንድ ቃል አልቀነሱም።

ችግር የመጣው መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ጪጩ ሲወርዱ ነው። ክላሰር በብብታቸው ይዘው በየደጁ እየቆሙ፣ «ስለ ፖሊሲ ላነጋግራችሁ ነው» ይላሉ። ሰው «ፖሊስ» የሚለውን ሰምቶ የቀረውን ለመስማት አይቆይም። ወንዶቹ በእንሰቱ ስር ስር ሹልክ ይላሉ። ሴቶቹ «ባለቤቱ የለም» ይላሉ። አንዷማ ባለቤቷ ከበሩ ኋላ እያሳለ «የለም» ብላኛለች ብለው ነገሩኝ። ለጥናቱ ከታሰበው ሰው የተገኘው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። የአማካሪያቸው ምላሽ ደግሞ አጭር ነው፤ መረጃ ከሌለ መመረቅ የለም።

በዚያ ሰሞን እናታቸው እማማ ወርቄ ለገበያ ዲላ ወጥተው ሱቄ ጎራ አሉ። ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ይዘውልኛል። እግራቸውን ዘርግተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ እንዴት ነው? ተኩስ ጀመረ?» አሉኝ።

«የምን ተኩስ እማማ?»

«ገና ነው እንዴ? እኔማ የፈራሁት ሩጫውን ነው። በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ!»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ለካ ጋሽ ታሪኩ «የሕዝብ ፖሊሲ ነው የምማረው» ሲሏቸው እማማ ወርቄ «የሕዝብ ፖሊስ» ብለው ሰምተው፣ ለጸሎት ጓደኞቻቸውም ለመንደሩም ሁሉ አዳርሰውታል። ጋሽ ታሪኩ መጡና በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ማማ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ፖሊስ አይደለም፤ ፖሊሲ ነው!»

«እሱንማ አውቃለሁ። የመንግሥቱ ፖሊስ ነው፣ ያንተ ፖሊሲ ነው። የመንግሥቱ መለዮ አለው፣ ያንተ መነጽር አለው።»

«ማማ…»

«ታዲያ ሰው ሲሸሽህ ምን አደረግህ? ዝም ብለህ ተመለስክ? እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ይሄኛው አያስርም፣ የእኛው ነው፣ አቤቱታ ብቻ ነው የሚሰማው እላቸዋለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ጋሽ ታሪኩ በሚቀጥለው ጊዜ ጪጩ ሲደርሱ የእናታቸው ደጅ በሰው ተሞልቶ ጠበቃቸው። ዶሮው የጠፋበት፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ አማቹ ሬድዮኑን ወስዶ የቀረበት ሁሉ ተሰልፏል። «ይኸውልህ፣ ሕዝብህ» አሏቸው እማማ። ጋሽ ታሪኩ ለእያንዳንዱ ሰው ፖሊስ አለመሆናቸውን እያስረዱ መዘገቡ። ያስረዳሉ፣ ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ አቤቱታውን ይቀጥላል። ሱቄ ሲመለሱ ክላሰሩ አልዘጋ ብሎ በገመድ አስረውት ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዷ አየለች ነበረች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ታመነ የሚባል የባሏ ወንድም፣ «ቡናው የአባታችን ነው፣ ሴት ከሌላ ጎሳ መጥታ አትወርሰውም» ብሎ የቡና መሬቷን በቀርከሃ አጥሮባታል። አጥሩ ደግሞ እንደ ሰሌን የተጠቀጠቀ ነው። ጋሽ ታሪኩ ክፍተት ፍለጋ ጪጩ ድረስ ወርደው፣ ክፍተት የሌለው አጥር አገኙ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል። አየለች ያንን ቡና ካልለቀመች ከሦስት ልጆቿ ጋር ዓመቱን የምትገፋበት ሌላ ነገር የላትም። መሬቱንም አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ከለቀመበት የእሱ ሆኖ እንደሚቀር ታውቃለች።

ሱቄ ድረስ ተከትላቸው መጣች። አግዳሚው ላይ አብረው ከመጡት ከእማማ ጎን ተቀምጣ፣ ጋሽ ታሪኩ ኮምፒውተሩ ላይ ያስሳሉኝን ሥዕል ታያለች። ክብ ያስስሉኝና ሰዎቹን በየቦታቸው ይደለድላሉ፤ ማን ኃይል አለው፣ ማን ፍላጎት አለው የሚል ነው።

«አየሽ አየለች፣ በመጀመሪያ ደረጃ አንቺ እዚህ ጋ ነሽ። ፍላጎትሽ ከፍተኛ፣ አቅምሽ ዝቅተኛ የሆነ ባለድርሻ አካል ነሽ።»

«ድርሻዬን እኮ ነው የቀማኝ!» አለች።

«አይ፣ ባለድርሻ ማለት…»

«ድርሻ ካለኝ ስጠኝ። ቡናዬ ደርሳለች። ወፍ ልትበላት ነው።»

አየለች ሰውን ሁሉ አንተ ነው የምትለው፤ ቡናንም እሷ ነው የምትላት። ጋሽ ታሪኩ ስክሪኑን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ «ታመነንም ቃለ መጠይቅ ላደርገው ይገባል። የአንድ ወገን መረጃ ሚዛን የለውም» አሉ። ቅዳሜ ዲላ ዘነበች ሱቅ ይምጣልኝ ብለው ለእናታቸው መልእክት ሰጡ። እማማ ወርቄ መልእክቱን ያደረሱት በራሳቸው መንገድ ነው፤ «የሕዝብ ፖሊስ ይፈልግሃል» አሉት።

ታመነ መጣ። መጣ ብቻም አይደል፣ ለሠርግ የሚለበስ ኮት ለብሶ፣ መታወቂያውን በእጁ ይዞ። ወፍራም፣ ትልቅ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ሲቆም ሱቄ ጨለመ። አየለች ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ አላያትም። የኮፒ ማሽኑን ግን አየው። አሻራ የሚያነሳ መስሎት መሰለኝ፣ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ጌታዬ፣ ጠርተውኛል መሰለኝ» አለ።

«አዎ፤ ግባ፣ ተቀመጥ።»

«መቆም ይሻለኛል። ጌታዬ፣ አጥሩ እኮ ለከብት ነው። ጊዜያዊ ነው። ይነሳ ካሉኝ ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። የወንድሜ ሚስት እህቴ ማለት ናት፤ እኔ በሷ ላይ ምን ክፋት አለኝ?»

አየለች ቀና አለች። እኔም ጽሕፈቴን ትቼ ዞርኩ። ጋሽ ታሪኩ አንድ ቃል ብቻ ቢሉ፣ እንዲያውም ምንም ባይሉ፣ ጉዳዩ አልቋል። ዝም ብለው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ያ አጥር እስከ ማታ አይቆይም ነበር።

ጋሽ ታሪኩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ከክላሰሩ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዙ። የትኛው ወረቀት እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ያተምኩት እኔ ነኛ! በጠረጴዛው ስር እግራቸውን ረገጥኩ።

«ዘነበች፣ እግሬን ረገጥሽኝ» አሉ ጮክ ብለው።

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። «ይህ ቃለ መጠይቅ ለትምህርት ዓላማ ብቻ የሚውል ነው። የሚሰጡት ምላሽ በምስጢር ይያዛል። ተሳትፎዎ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብት አለዎት።»

ታመነ አፉን ከፍቶ ሰማቸው። «ትምህርት? ምን ማለት ነው?»

«ተማሪ ነኝ።»

«ፖሊስ አይደሉም?»

«ፖሊሲ።»

«ሲ?»

«ሲ።»

ታመነ መታወቂያውን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው። የኮቱን ቁልፍ ፈታ። አሁን ነው የተቀመጠው፤ እግሩንም አነባበረ። «እና በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ትችላለህ ነው ያልከኝ?»

ያ ሁሉ «ጌታዬ» የት እንደገባ እንጃ።

«መብትህ ነው» አሉ ጋሽ ታሪኩ።

«እንግዲህ አቋርጫለሁ» አለና ተነስቶ ወጣ። በሩ ላይ አየለችን አያት። «ዋልሽ እንዴ?» አላት፤ ሄደ።

በአንዲት ሲ የዓመት ቡና ሄደ። ከዚያ አየለች፣ «እውነቱን ሰኞ ብትነግረው ምን ነበረበት?» አለቻቸው። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ስለ መኪና መነሻ የምትጠይቅ ነበር የሚመስለው።

«በመጀመሪያ ደረጃ…» አሉ ጋሽ ታሪኩ። ጣታቸው ተቀሰረች። ክላሰሩን በብብታቸው ከተቱ። ያን ቀን ሌላ ምንም ሳያስጽፉኝ ሄዱ።

የዚያን ዓመት ቡና ታመነ ለቀመው። አየለች በእማማ ወርቄ ደጅ ቡና እየለቀመች፣ የሰው ቡና እያጠበች ከረመች። ጋሽ ታሪኩ ደግሞ ምዕራፋቸውን ጨረሱ። ስለዚያች ቅዳሜ በጽሑፉ ውስጥ የገባችው አንዲት መስመር ናት፤ «አንድ መላሽ ተሳትፎውን በራሱ ፈቃድ አቋርጧል» የምትል። ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ አልወፈረችም። ያስጻፉኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው።

ሰኔ ላይ ዲፌንሳቸውን አቀረቡ፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ክራቫታቸው ገደድ ብላ ነበር፤ ማስተካከል አማረኝ። ፈታኞቹ በተለይ አንድ ነገር አደነቁላቸው፤ የጥናት ሥነ ምግባር አጠባበቃቸው አርአያ የሚሆን ነው አሉ። ወጣት የክፍል ጓደኞቻቸው «ፋዘር! ፋዘር!» እያሉ አጨበጨቡ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ትሕትና የመሰለው ሰው ብዙ ነበር።

ምርቃቱ ጪጩ በእናታቸው ግቢ ተደገሰ። በግ ታርዷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። ጋሽ ታሪኩ ጋዋናቸውን ለብሰው ለፎቶ ሲቆሙ እማማ ወርቄ ጨርቁን በጣታቸው ፈተኑት።

«መለዮህ ይሄ ነው?»

«ጋዋን ይባላል ማማ።»

«ቀሚስ ነው እኮ። በዚህ ማንን አሯሩጠህ ልትይዝ ነው?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እትዬ አስቴር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እማማ ግን አልሳቁም። «የአየለችስ ነገር?» አሉ።

«ምክረ ሐሳቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«መጨረሻው ምዕራፍ ላይ።»

«ማን ያነበዋል?»

ጣታቸው ተነሳች፤ መልሰው አጠፏት። አየለች ከሴቶቹ ጋር ሆና ሥጋ እየከተፈች ነበር። እንዳልሰማ ሰው ቢላዋዋን አላቋረጠችም።

በሳምንቱ ሱቄ ሲመጡ ክላሰር አልያዙም። «አቤቱታ ጻፊልኝ፣ ለፍርድ ቤት ነው፣ በአየለች ስም» አሉኝ። ወገቤን አቀናሁ። በጋሽ ታሪኩ ልማድ ይሄ ነገር እስከ ምሳ አያልቅም ብዬ ውኃ ሁሉ አጠገቤ አስቀምጫለሁ። እሳቸው ቆመው እንዲህ አሉ፤ «ባሌ ሞቷል። የቡና መሬታችንን ወንድሙ አጥሮ ይዞብኛል። እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ቀጣዩን ጠበቅሁ።

«ጨረስኩ» አሉ።

«መንፈሱስ ጋሽ ታሪኩ?»

«መንፈሱ ይሄው ነው።»

ከዚያ ወዲያ የቀጠሮ ቀን ሲሆን ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ይወስዳሉ፤ ሱፋቸውን ለብሰው ከወናጎ በሚኒባስ ይመጡና ከአየለች ጋር ፍርድ ቤቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ጠበቃ አይደሉ፣ ምስክር አይደሉ፤ ዝም ብለው አብረው መቀመጥ ነው። ታመነ አንዴ ታመምኩ ይላል፣ አንዴ መጥሪያው አልደረሰኝም ይላል። አየለች አንድ ቀን አግዳሚው ላይ፣ «አሁንስ ፖሊስ ነህ ወይስ ፖሊሲ?» ብላ እንደጠየቀቻቸው ነግራኛለች።

«ምን አሉሽ?»

«አንዱን ምረጥ ካላልሽኝ በሁለቱም እሞክራለሁ አለኝ።»

መስከረም ላይ ስኳራቸው ከፍ አለ። ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። ሊጠይቃቸው የሄደ አንድ የክፍል ጓደኛቸው፣ ለሐኪሙም አማራጮቹን እንዲዘረዝር ጠይቀዋል ብሎ ነገረኝ። ወሩ ሳያልቅ ሞቱ። የአየለች መዝገብ ገና ቀጠሮ ላይ ነበር።

ለቅሶው ላይ ጪጩ ወርጄ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ድንኳን የተከለው፣ አግዳሚ የተሸከመው፣ ውኃ ሲያመላልስ የዋለው ደግሞ ታመነ ነው። ኮቱን አውልቆ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ከሁሉ ሰው አብልጦ ሠራ። እማማ ወርቄ «እግዜር ይስጥህ» አሉት። ታመነ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

ጥቅምት ላይ ቡናው ቀላ። አንድ ማለዳ እማማ ወርቄ ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። አየለችን ከቤቷ ጠሯት። ሁለቱ ወደ አጥሩ ሄዱ፤ የቀርከሃውን በር እማማ ራሳቸው ፈቱት። ታመነ ከቤቱ ወጥቶ መጣ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የአየለችን ቡና እየለቀምን ነው።»

ታመነ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እማማ ወርቄ ከላይኛው ዛፍ ጀመሩ። እሳቸው ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ፣ አየለች ከፍ ያለውን እየያዙ ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ለቀሙ። በማግስቱም ተመልሰው ሄዱ።